ደሴ የተስተካከለው ደብዳቤ ወልድያ ሲከፈት ለምን ይበተናል? የወርድና የኢሜይል ስታይልና ቴምፕሌት ችግርና መፍትሄ

ችግር፦ አንድ ገጽ የነበረው ደብዳቤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ገጽ ሆነ

በፍላሽ የሄደው ፋይል ያው ነው፤ አንድ ፊደል አልተነካም። ግን «ከሠላምታ ጋር» የሚለውና የፊርማው ቦታ ወደ ሁለተኛው ገጽ ወርደዋል። ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ፕሪንተሩ ነው። ጥፋቱ ግን የፎንት ነው፤ ደብዳቤው የተጻፈበት ፎንት ወልድያ ያለው ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ወርድ ሳይጠይቅ በሌላ ይተካዋል። የተተካው ፎንት የመስመር ቁመቱ በጥቂቱ ከበለጠ በ30 መስመር ተደምሮ ፊርማውን ይገፋዋል። የሚያሳስተው ደግሞ የፎንት ሳጥኑ ላይ የቀድሞው ስም፣ ለምሳሌ ኒያላ፣ እንደነበረ መቆየቱ ነው።

ለማረጋገጥ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ይግቡና «ሾው ዶክዩመንት ኮንቴንት» ከሚለው ስር ፎንት ሰብስቲቲዩሽንን ይጫኑ። የጎደለ ፎንት ካለ ስሙንና በምን እንደተተካ ያሳያል።

ኒያላ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ተጨማሪ ሆኖ ለብቻው የሚጫን ነው። ኢንተርኔት ካለ ሴቲንግስ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ገብተው የኢትዮጵክ ሰፕልመንታል ፎንትስን ያክሉ። ከሌለ፣ ደብዳቤውን የሚያዘጋጀው ሰው ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ውስጥ «ኢምቤድ ፎንትስ ኢን ዘ ፋይል» የሚለውን ምልክት ያድርግበት፤ ፋይሉ ቢከብድም ፎንቱን ተሸክሞ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ለህትመት ብቻ ለሚሄድ ነገር ፒዲኤፍ አድርጎ መላክ ነው፤ ጣጣ የለውም።

ዘላቂው መፍትሄ ግን ስታይሉ ውስጥ ነው፤ ስታይል ማለት ፎንቱ፣ መጠኑና የመስመሩ ርቀት በአንድ ስም ተይዞ የሚቀመጥበት ነው። ሆም ላይ ኖርማል የሚለውን ስታይል ራይት ክሊክ አድርገው ሞዲፋይ ይበሉ። በቆዩት ወርዶች ብዙ ጊዜ ፎንቱ ካሊብሪ ሆኖ ያገኙታል። ካሊብሪ የግዕዝ ፊደል የለውም፤ አማርኛ ሲጽፉ ወርድ ከራሱ መርጦ ነው የሚሞላው፤ ምርጫው ደግሞ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ይለያያል። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ አማርኛ የሚጽፈውን ኤብሪማን ይምረጡ፤ መጠን 12። በዚያው መስኮት ከታች ፎርማት፣ ፓራግራፍ ገብተው የመስመሩን ርቀት ኤግዛክትሊ 18 ፖይንት ካደረጉት፣ አማርኛና እንግሊዝኛ በተቀላቀለበት አንቀጽ መስመሮቹ ከፍና ዝቅ አይሉም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ኤግዛክትሊ በተደረገ አንቀጽ ውስጥ የገባ ሎጎ ከታች አንድ ቁራጭ ብቻ ሆኖ ይታያል፤ የተቀረው ይደበቃል። ሎጎው ያለበትን አንቀጽ ብቻውን ወደ ሲንግል ይመልሱት።

ችግር፦ ኢሜይሉ ለተቀባዩ የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ክምር ሆኖ ደረሰ

ጽሑፉ የተጻፈው በድሮዎቹ፣ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ኮድ) ባልሆኑት የግዕዝ ፎንቶች ነው። እነሱ የላቲን ፊደል ኮድ ላይ የአማርኛ መልክ ያለብሱ ነበር፤ ፎንቱ ሲወልቅ ከስር ያለው ይገለጣል። ስለዚህ ፎንቱን ወደ ኒያላ መቀየር ምንም አይፈይድም። ወይ በኮንቨርተር ወደ ዩኒኮድ ይለወጣል፣ ወይ እንደገና ይተየባል። ብዙ የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተሮች ላይ ሁለቱም ዓይነት ጎን ለጎን ተጭኖ ስለሚገኝ፣ ከመጀመርዎ በፊት አንድ ቃል ተይበው ኖትፓድ ላይ ይለጥፉ፤ እዚያም አማርኛ ከሆነ ዩኒኮድ ነው።

ችግር፦ የመመረቂያ ጽሑፉ ማውጫ ባዶ ነው

ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ የሚመረቅ ተማሪ ሁሉ በዚህ ያልፋል። ማውጫ አስገባ ሲሉት ወርድ የሚገባ ርዕስ አላገኘሁም ይላል። ርዕሶቹ በቦልድና በ14 መጠን ደምቀዋል እንጂ ሄዲንግ አልተባሉም፤ ወርድ ድምቀት አያነብም፣ የሚያነበው ስታይል ነው።

40 ርዕስ አንድ በአንድ መንካት አያስፈልግም። አንዱን ርዕስ ይምረጡ፤ ሆም ላይ በስተቀኝ ጥግ ሴሌክት፣ ቀጥሎ «ሴሌክት ኦል ቴክስት ዊዝ ሲሚላር ፎርማቲንግ» ይበሉ። በተመሳሳይ መልክ የተጻፉት ሁሉ ይያዛሉ። ከዚያ ሄዲንግ ዋንን ይጫኑ፤ በኪቦርድ ኮንትሮል፣ አልትና 1 ነው። ለንዑስ ርዕስ 2። ሁሉም ሰማያዊ ይሆናሉ፤ ብዙ ሰው ሄዲንግን የሚሸሸውም በዚህ ነው። ሞዲፋይ ብለው ቀለሙን ጥቁር፣ ፎንቱን ኤብሪማ ሲያደርጉ በአንዴ ይስተካከላል። በመጨረሻ ማውጫው ላይ ኤፍ 9 ተጭነው «አፕዴት ኢንታየር ቴብል» ይምረጡ። «ፔጅ ነምበርስ ኦንሊ» ካሉ አዲሱ ርዕስ አይገባም።

ማውጫው ውስጥ ሙሉ አንቀጽ ከገባ፣ ያ አንቀጽ በስህተት ሄዲንግ ሆኗል፤ ላዩ ላይ ቆመው ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ ኤን ሲጫኑ ወደ ኖርማል ይመለሳል።

ችግር፦ አንዱን አንቀጽ ቦልድ ሲያደርጉ ሌሎቹም ቦልድ ሆኑ

የዚያን ስታይል ሞዲፋይ ይክፈቱና «ኦቶማቲካሊ አፕዴት» ላይ ያለውን ምልክት ያንሱ።

ችግር፦ አዲሱ ደብዳቤ ላይ የሌላ ሰው ስም ወጣ

ደብዳቤው ለኩታበር ነው፤ ግልባጩ ግን ባለፈው ሳምንት ለሐይቅ በተጻፈው ደብዳቤ ላይ የነበረው ክፍል ነው። ቁጥሩም የዚያው። ምክንያቱ የድሮ ደብዳቤ ከፍቶ በላዩ ላይ የመጻፍ ልማድ ነው፤ የድሮው ደብዳቤም ራሱ ይጠፋል።

ንጹህ ቅጂ ያዘጋጁ። ቁጥር፣ ቀን፣ ለ፣ ጉዳዩ እና ግልባጭ የሚሉት ይቆዩ፤ የሚለዋወጠው ቦታ ላይ «የተቀባይ ስም» እያሉ ጽፈው በቢጫ ሃይላይት ያድርጉት፤ ቢጫ የቀረበት ደብዳቤ ፊርማ ጋ አይደርስም። ከዚያ ሴቭ አዝ ብለው ዓይነቱን ወርድ ቴምፕሌት፣ ማለትም አዲስ ደብዳቤ የሚወጣበት ናሙና፣ ያድርጉ። ፋይሉን ደብል ክሊክ ሲያደርጉት ዋናው ሳይነካ «ዶክዩመንት 1» የሚባል አዲስ ወረቀት ይከፈታል። ዋናውን ማረም ሲፈልጉ ራይት ክሊክ አድርገው ኦፕን ይበሉ።

ቀኑን በኢንሰርት፣ ዴት አያስገቡ። የሚወጣው የፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ «አፕዴት ኦቶማቲካሊ» ከተመረጠበት ደግሞ በጥቅምት የወጣ ደብዳቤ በጥር ሲከፈት የጥር ቀን ይዞ ይገኛል። በእጅ ይጻፉት።

ቴምፕሌቱን ስላረሙ የድሮ ደብዳቤዎች አይለወጡም። ደብዳቤ ስታይሉን የሚቀዳው ሲፈጠር ነው።

የኢሜይሎቹ

ጂሜይል ላይ ቴምፕሌት የሚል ካጡ፣ አልተከፈተም ማለት ነው፦ ሴቲንግስ፣ «ሲ ኦል ሴቲንግስ»፣ አድቫንስድ፣ ቴምፕሌትስ፣ ኢኔብል፤ ከታች ሴቭ ቼንጅስ። በኮምፒውተር ብሮውዘር ነው እንጂ በስልክ አፑ ላይ አይፈልጉት። ፊርማው ሁለት ጊዜ ከመጣ፣ ቴምፕሌቱ ሲቀመጥ ፊርማው አብሮ ስለተቀመጠ ነው፤ ፊርማውን አጥፍተው እንደገና ያስቀምጡት። ከወርድ የተቀዳ ጽሑፍ መጠኑ ከተዘበራረቀ በኮንትሮል፣ ሺፍት፣ ቪ ይለጥፉ፤ ከተለጠፈ በኋላ ከሆነ መርጠው ኮንትሮልና ባክስላሽ።

በኮምፒውተሩ ላይ በሚጫነው የቆየው አውትሉክ አዲስ መልእክት በትክክል እየወጣ ምላሹ ብቻ በሌላ ፎንት ከሆነ፣ ለምላሽ የሚሆነው ፎንት ለብቻው ስለሚሞላ ነው፦ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሜይል፣ ስቴሽነሪ ኤንድ ፎንትስ፤ «ሪፕላይንግ ኦር ፎርዋርዲንግ» በሚለው ስር ያለውንም ኤብሪማ ያድርጉት።