የአሚኖ አሲዶችን ንክኪ ከመቁጠር በፊት
በፕሮቲን መዋቅር ውስጥ የትኞቹ አሚኖ አሲዶች እንደሚነካኩ የሚያጠና ሰው፣ ርቀቱ ከየትኛው አቶም እስከ የትኛው አቶም እንደሚለካ አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል። በቤታ ካርቦኖች (ከዋናው ሰንሰለት በሚወጣው ቅርንጫፍ፣ ማለትም በጎን ሰንሰለቱ፣ ላይ ባሉት የመጀመሪያ ካርቦኖች) መካከል ሲለካ ተነካኩ የሚያሰኘው የተለመደው የርቀት ገደብ 8 አንግስትሮም (አንዱ የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ) ሲሆን፣ ቤታ ካርቦን ለሌለው ግላይሲን ለተባለው አሚኖ አሲድ በዋናው ሰንሰለት ላይ ያለው አልፋ ካርቦኑ ይወሰዳል፤ ከሃይድሮጂን በስተቀር በሁሉም አቶሞች መካከል ያለው አጭሩ ርቀት ከተወሰደ ግን ገደቡ ወደ 4.5 ወይም 5 አንግስትሮም ዝቅ ይላል። ሁለቱን ማደባለቅ ውጤቱን ያዛባል። በሰንሰለቱ ላይ ጎረቤት የሆኑት ምንጊዜም ስለሚቀራረቡ ከቆጠራው ይውጡ፤ በአልፋ ሄሊክስም (ሰንሰለቱ እንደ ጠመዝማዛ በሚጠቀለልበት ክፍል) 4 ቦታ የሚራራቁት በሃይድሮጂን ቦንድ ስለሚገናኙ፣ አጠቃላዩን አጣጣፍ ለማየት ቢያንስ 6 ቦታ የሚራራቁትን ብቻ መውሰድ፣ በእኔ እምነት፣ የተሻለ ነው። ብዙዎች ቢዘነጉትም፣ በኤክስሬይ በተገኙ መዋቅሮች አንዳንድ የጎን ሰንሰለቶች የአቶሞቹ ቦታ ከተመዘገበበት ፋይል ስለሚጎድሉ፣ ይህንንም መፈተሽ ያስፈልጋል።