ሶላሩ ፀሐይ እየሞቀ ባትሪው ለምን አልሞላም አለ?

በጃንዋሪ ከሲያትል ብቻዬን ተነስቼ፣ የስኖኳልሚን ተራራ መተላለፊያ በረዶ አልፌ፣ በያኪማ ሸለቆ በኩል ወደ ዋላ ዋላ የወይን አገር እየነዳሁ ነበር። የማድረው ፒክአፑ ላይ በተጫነችው የካምፐር ክፍል ውስጥ ነው። ፕሮሰር የምትባል ከተማ አካባቢ ባደርኩበት ጠዋት ሂተሩ ጠፍቶ፣ የካምፐሩ ሊቲየም ባትሪ 14 በመቶ ላይ ወርዶ አገኘሁት። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ሶላሩ ላይ ፀሐይ ወጥታለች፤ የሚገባው ኃይል ግን ዜሮ!

ፊውዙን አየሁ፣ ደህና ነው። ሽቦዎቹን አጠበቅኩ፣ ምንም። ሞተር አስነስቼ ከመኪናው ልሞላው ብል እሱንም እምቢ። መብራቱ ግን ይበራል። መስጠት እየቻለ መቀበል አቃተው ማለት ነው፤ ይሄኔ ነገሩ ገባኝ።

ሊቲየም ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ ከተደረገ ውስጡ ይጎዳል። ስለዚህ የራሱ መቆጣጠሪያ ቻርጁን ይዘጋዋል። የእኔን ያስቀመጥኩት ደግሞ ከውጭ በሚከፈተው ሳጥን ውስጥ፤ ሌሊቱን ከዜሮ በታች 9 ነበር።

ነቅዬ አልጋዬ ሥር አስገባሁት። ገመዱ ስላጠረ ውፍረቱ እኩል የሆነ ረጅም ገዛሁ (በቀጭን እንዳትሞክሩት፣ ይግላል)። በጋዝ ምድጃዬ ውኃ አሙቄ በጠርሙስ ሞላሁ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ከጎኑ አደረግሁ። ከሁለት ሰዓት ግድም በኋላ ቻርጁ ጀመረ።

ዋላ ዋላ አንዳንድ ገበሬዎች ውርጭ እንዳይገድለው የወይኑን ሐረግ አፈር ያለብሱታል፤ እኔ ባትሪዬን ውጭ አሳድራለሁ! አሁን ከሥሩ የስፖንጅ ምንጣፍ አንጥፌለታለሁ፣ እስካሁን አልዘጋም።