ቁርጥማት ላለበት እጅ የሚመች የውሻ ማሰሪያ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በክረምት ጠዋት የእናቴ ጣቶች ስለሚደርቁ የሻይ ብርጭቆ እንኳን የምታነሣው በሁለት እጇ ነው። ውሻዋን ግን ራሷ ካላንሸራሸረች ደስ አይላትም። ቁርጥማት ያለባችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን ሞክሩት።

ቀጭን ገመድና ሰንሰለት ተዉ፤ ጣት ይቆርጣሉ። ሰፋ ያለ ለስላሳ ጠፍር ግዙና መያዣውን በአሮጌ ጋቢ ቁራጭ ጠቅልላችሁ ስፉት። ወፈር ያለ መያዣ አጥብቆ መጨበጥን አይጠይቅም።

ትልቁ ጣጣ መንጠቆው ነው። በአውራ ጣት ጥፍር ወደ ኋላ የሚሳብ ትንሽ ምላስ ያለውን አትግዙ። እናቴ እርሱን ለመክፈት ስትታገል ዓይኗ እንባ ያቀርር ነበር። ሲገፉት ወደ ውስጥ የሚከፈት ትልቅ መንጠቆ ይሻላል፤ ከመግዛታችሁ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ በራሳችሁ እጅ ክፈቱት።

ውሻው የሚጎትት ከሆነ ከአንገቱ ይልቅ ደረቱ ላይ የሚታሰረውን፣ ቀለበቱ ከፊት የሆነውን ምረጡ፤ ሲጎትት ወደ ጎን ስለሚያዞረው ጉልበቱ ይቀንሳል። ጠፍሩን ግን በፍጹም እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙ። በግ አይቶ ድንገት ቢፈተለክ ጣት ይሰብራል።