መርፌ እንዳይወጋችሁ፦ ከታካሚው ክንድ እስከ ሴፍቲ ቦክሱ

እኔን መርፌ የወጋኝ ጎጃም ውስጥ በምሠራበት ሆስፒታል በጥቅምት ወር፣ የወባ ታካሚ አልጋ ሞልቶ ኮሪደር ላይ ፍራሽ በተነጠፈበት ሌሊት ነው። አርቴሱኔት የሚባለውን የወባ መርፌ ሰጥቼ ቀና አልኩ። ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሳጥን፣ ሴፍቲ ቦክሱ፣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነበር። እዚያ እስክደርስ ሰው እንዳልወጋ ብዬ የመርፌውን ክዳን ልመልስ ስል መርፌው ግራ አውራ ጣቴ ውስጥ ገባ።

ከሥራው በፊት የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ጨርሱ። 3 ጊዜ ነው፦ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ በ6ኛው ወር። ያልተከተበ ሰው ቫይረሱ ባለበት መርፌ ከተወጋ የመያዝ ዕድሉ ከ100 ሰው እስከ 30 ሰው ይደርሳል። ኤችአይቪ ግን ከ1000 ሰው 3 ያህሉን ነው የሚይዘው። ሁላችንም የምንፈራው ኤችአይቪን ነው፤ ክትባቱን ግን እንረሳለን።

ጓንት አድርጉ። መርፌን አያስቆምም፣ ግን የሚገባውን ደም ይቀንሳል።

አሁን ዋናው ነገር። መርፌውን ከመክፈታችሁ በፊት ሴፍቲ ቦክሱን አልጋው አጠገብ፣ እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ አድርጉት። ታካሚውን ሳትነኩ ማለቴ ነው። አብዛኞቻችን የምንወጋው መርፌ ስንሰጥ አይደለም፤ ከሰጠን በኋላ፣ ሐሳባችን ወደ ቀጣዩ ታካሚ ሲሄድ ነው። ሳጥኑ ቅርብ ከሆነ ክዳን የመመለስ ሐሳብም አይመጣባችሁም። መርፌው እንደወጣ ከነሲሪንጁ በቀጥታ ወደ ሳጥኑ። መርፌውን መንቀል፣ ማጠፍ፣ ለባልደረባ በእጅ ማቀበል የለም።

ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጠው ቀጭን ቱቦ) ስናስገባ የባሰ ነው፤ አንድ እጃችሁ ደሙን ተጭኖ ይዟል፣ ሌላው ፕላስተር ይፈልጋል፣ የወጣው መርፌ ብርድ ልብሱ ላይ ይቀራል። ጠዋት አንሶላ የምትሰበስበው የጽዳት ሠራተኛ ናት የምትወጋው፣ ማን እንደተጠቀመበት እንኳ ሳታውቅ። ስለዚህ ፕላስተሩን ቀድማችሁ ቁረጡ። ልጅ ከሆነ አስታማሚዋን «እናቴ፣ ክንዱን ጠበቅ አድርገሽ ያዥልኝ» በሉና እስክትይዝ ጠብቁ። መብራት ከጠፋም ባትሪ የሚያበራላችሁ ሰው ሳይኖር አትጀምሩ።

ክዳን መመለስ ግድ ከሆነ በአንድ እጅ ብቻ ነው። ክዳኑን ጠረጴዛ ላይ አስተኙት፣ ሌላውን እጅ ወደ ኋላ አድርጉ፣ የመርፌውን ጫፍ ክዳኑ ውስጥ አስገብታችሁ ክዳኑን አንሱና ጠረጴዛው ላይ ተጭናችሁ ዝጉት።

ሳጥኑ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል። በእጅ ጠቅጥቆ ቦታ ማስለቀቅ የሚባለውን አጥብቄ እጠላዋለሁ፤ ቆጠባ አይደለም።

ከተወጋችሁስ? ወዲያው በሚወርድ ውኃና ሳሙና ታጠቡ። አትጭመቁት፣ በረኪና አታድርጉበት። ተረኛ ኃላፊውን ንገሩ፣ ኤአርቲ ክሊኒክ (የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበት ክፍል) ሂዱ። የኤችአይቪ መከላከያው በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ነው የሚሻለው፤ ከ72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም። እኔ አፍሬ እስከ ንጋት ዝም አልኩ፣ ስድስት ሰዓት አቃጠልኩ። ከዚያ 28 ቀን መድኃኒቱን ዋጥኩ፣ ሆዴ እየታመሰ። ምርመራው በመጨረሻ ነፃ ወጣ። ያቺን ሌሊት አብራኝ ተረኛ የነበረችው ባልደረባዬ አሁን ሥራ ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው ሳጥኑን ከኮሪደሩ ጫፍ ማምጣት ነው።