ሲግናል ኮምፒውተር ላይ ላላችሁ፦ ቁልፉን ፈትሹ

የመልእክት መላላኪያው ሲግናል የኮምፒውተር ስሪት የመልእክት ዳታቤዙን (መልእክቶቹ የሚቀመጡበትን ፋይል) ቢቆልፍም፣ መክፈቻውን እስከ 2024 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ድረስ «ኮንፊግ» በሚባል ፋይል ውስጥ በግልጽ ያስቀምጠው ነበር። በር ቆልፎ ቁልፉን እዚያው ሰክቶ እንደመሄድ ነው፤ የሲግናልን ፎልደር የቀዳ ሁሉ መልእክታችሁን ማንበብ ይችል ነበር።

መጀመሪያ አፕዴት አድርጉ። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ በአፕዳታ (AppData)፣ በሮሚንግ (Roaming)፣ በሲግናል (Signal) ፎልደሮች ግቡና የኮንፊግ (config) ፋይሉን በኖትፓድ ክፈቱት። «ኪ» (key) የሚለው ጠፍቶ «ኢንክሪፕትድ ኪ» (encryptedKey)፣ ማለትም የተቆለፈ ቁልፍ፣ ካያችሁ ተስተካክሏል። ምንም ነገር አትቀይሩ፣ ዝጉት። ፍላሽ ላይ የቀዳችሁት የድሮ ፎልደር ካለ ግን አጥፉት፤ ግልጹ ቁልፍ እዚያ አብሮ አለ።

ዊንዶውስ ላይ ማስተካከያው በእናንተው አካውንት የሚሠራ ቫይረስን አያቆምም፤ ክራክ የተደረገ ፕሮግራም እባካችሁ አትጫኑ። ላፕቶፑ ቢሰረቅ ደግሞ የሚያድናችሁ ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መሣሪያ) ነውና አብሩት።