ውጭ ልትማሩ ነው? ስማችሁን ፊደል በፊደል አመሳክሩ

ደሴም ሁኑ ወልዲያ፣ ውጭ ለመማር የምታመለክቱ ልጆች፣ ዛሬውኑ ፓስፖርታችሁንና ትራንስክሪፕታችሁን (የትምህርት ውጤት ማስረጃችሁን) ጎን ለጎን ዘርግታችሁ እዩ። የእኔ አባት ስም መሐመድ ነው። አንዱ ላይ መሐሉ በአንድ ኤም (Mohamed)፣ ሌላው ላይ በሁለት ኤም (Mohammed) ተጽፏል። ለእኛ ያው መሐመድ ነው፤ ማመልከቻውን ለሚያዩት ግን ሁለት ሰው ሆነ። እኔ ባሕር ማዶ ተቀምጬ፣ ደሴ ያለችው እህቴ በአንዲት ፊደል ምክንያት ከቢሮ ቢሮ ስትንከራተት ከረመች። አሁንም ሳስበው ያመኛል። እዚያው ሳላችሁ አስተካክሉት።

የልደት ቀንም እንዲሁ። የእኛ አቆጣጠር ከፈረንጆቹ በ7 ወይም በ8 ዓመት ስለሚለይ፣ ሳይቀየር የተጻፈ ካለ ፈልጉት። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ሲጠይቃችሁ ደግሞ ፓስፖርቱ ላይ በዚያ ቦታ የሰፈረውን እንዳለ ገልብጡ።