ድብርት ለማባረር ኮድ ስትጽፉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ ወይም ቱሉ ዲምቱ ባሉት ከአዲስ አበባ መሃል የራቁ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች የሚኖር ሰው እሁድ ከሰዓትን በደንብ ያውቀዋል። መሃል ከተማ ደርሶ ለመመለስ ሰልፉና መንገዱ ግማሽ ቀን ይበላሉ። ቤት መዋል ደግሞ ይደብራል። ፕሮግራሚንግ ትንሽ የቀመሰ ሰው እንዲህ ባለ ሰዓት ላፕቶፑን ቢከፍት አይፈረድበትም። ፓይተን የሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ራሱ የተወለደው በዚህ መንገድ ነው። ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1989 ቢሮው ለገና ሊዘጋ ሲል፣ ሳምንቱን የሚያሳልፍበት ነገር ፈልጎ ጀመረው።

ችግሩ ብዙ ሰው ድብርቱን ሊያባርር ተቀምጦ ሌላ ድብርት ይዞ መነሳቱ ነው። ምክንያቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ጨዋታውን ወዲያው ቢዝነስ ማድረግ

«የታክሲ መጥሪያ አፕ ልሥራ» ብሎ የተነሳ ሰው ማታ ላይ የሚኖረው የመግቢያ ገጽ ብቻ ነው። ስምና የይለፍ ቃል ማስገቢያ፣ ከሥሩ አንድ ሰማያዊ ቁልፍ። እሱም አይሠራም። ይሄ ሥራ ነው፣ ያውም ደመወዝ የሌለው።

እኔ የምመክረው መለኪያ ቀላል ነው። ከምሳ በኋላ ተጀምሮ ከራት በፊት አንድ ነገር ስክሪን ላይ የማያሳይ ፕሮጀክት ለድብርት አይሆንም። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ፣ «ዛሬ ተራችን ነው ወይስ አይደለም?» የሚለውን የሚመልስ ፕሮግራም ጻፉ። ጥቂት መስመር ይበቃዋል። ወይም የዕቁብ ዕጣ የሚያወጣ። ስም ዝርዝር ሰጥቶ አንዱን በዘፈቀደ ማስመረጥ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ከዚያ ነው ጥያቄው የሚመጣው። የደረሰው ሰው በሚቀጥለው ዙር እንዴት ይውጣ? አንዱን ዕጣ ለሁለት የያዙትስ? ዕጣው የደረሰው ሰው ለሌላው ቢለቅስ? አንድ ከሰዓት በኋላ እንዴት እንደሚያልፍ አታውቁትም። ለእውነተኛው ዕቁብ ግን የተጠቀለለውን ወረቀት አትንኩባቸው። ዕቁበኛ ዕጣው ሲወጣ በዓይኑ ማየት ይፈልጋል፣ እውነቱንም ነው።

ዕቃ ሲያዘጋጁ መዋል

የኮድ መጻፊያውን ቀለም መቀያየር፣ ሦስት ቋንቋ ማወዳደር፣ «የትኛው ፍሬምወርክ ይሻላል» የሚል ቪዲዮ ማየት። ይሄ ሁሉ ኮድ መጻፍ ይመስላል እንጂ አይደለም። አንዳንዱ ፍሬምወርክ (ፕሮግራማችሁን በላዩ የምትገነቡበት ዝግጁ ኮድ) ደግሞ ገና ሲጫን በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ጥቅሎችን ከኢንተርኔት ይጎትታል። የሞባይል ዳታችሁ እዚያው ያልቃል። ዊንዶውስ ላይ ፓይተንን ስትጭኑ አይድል የሚባል መጻፊያ አብሮ ይመጣል። አያምርም፣ ግን ይበቃል።

መብራትና ኔትወርክ እንደማይጠፋ ማሰብ

የፓይተን መመሪያ ሙሉውን ከራሱ ድረ ገጽ ማውረድ ይቻላል። ኔትወርክ ባለበት ቀን አውርዳችሁ አስቀምጡት። ዴስክቶፕ ያለው ሰው ደግሞ በየደቂቃው ሴቭ ያድርግ፣ መብራት ሲሄድ አስጠንቅቆ አይሄድም። ጊትን፣ ማለትም የኮድ ለውጦችን መዝግቦ የሚይዘውን ፕሮግራም፣ ከጊትሀብ ጋር አንድ አድርጎ «ኢንተርኔት ስለሌለኝ አልጠቀምም» የሚልም አለ። ጊት እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ጊትሀብ የጊት ሥራን ኢንተርኔት ላይ የምታስቀምጡበት ቦታ ነው።

ሐሳብን ሁልጊዜ ከውጭ መዋስ

«ለጀማሪ የሚሆኑ ፕሮጀክቶች» ብላችሁ ብትፈልጉ የምታገኙት ያው ነው፦ የሥራ ዝርዝር መያዣ፣ የአየር ጠባይ ማሳያ፣ ካልኩሌተር። ሚሊዮን ሰው ሠርቷቸዋል። እኛ ዘንድ ግን እንቆቅልሽ ሞልቷል፤ ከሁሉ የሚጥመኝ የቀን መቁጠሪያው ነው።

ብዙ ሰው ከፈረንጆቹ ዓመት 8 ቀንሶ የእኛን ያገኘ ይመስለዋል። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ታኅሣሥ መጨረሻ ልዩነቱ 7 ነው። ጳጉሜም አለች። ዓመቱን ለ4 ስታካፍሉት 3 ከተረፈ ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች። 2015 እንደዚያ ስለነበር የ2016 እንቁጣጣሽ በፈረንጆቹ መስከረም 12 ዋለ፣ በ11 ሳይሆን። ፕሮግራማችሁን በዚያ ቀን ፈትኑት።

ይህን ስትጨርሱ የጾምና የበዓላት ቀን ወደሚሰላበት ወደ ባሕረ ሐሳብ ግቡ። ቀመሩን ሊቃውንቱ ጥንት ጨርሰው አስቀምጠውታል፣ የእናንተ ሥራ ወደ ኮድ ማምጣት ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩ፣ ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ19 አካፍሉት። ከቀሪው 1 ስትቀንሱ ወንበር ታገኛላችሁ። ወንበርን በ19 አባዝታችሁ ለ30 ስታካፍሉ የሚተርፈው መጥቅዕ ነው። መጥቅዕ በዓለ መጥቅዕ ወሩ በገባ በስንተኛው ቀን እንደሚውል ይነግራችኋል፤ ከ14 ከበለጠ በመስከረም ይውላል፣ ካነሰ በጥቅምት። ያ ቀን ለዋለበት ዕለት የተመደበውን ቁጥር፣ ተውሳክ የሚባለውን፣ መጥቅዕ ላይ ስትጨምሩ መባጃ ሐመር ይወጣል። የተውሳኩ ዝርዝር አጭር ነው፦ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ እያለ ወርዶ ዓርብ 2 ላይ ይቆማል። መባጃ ሐመር ጾመ ነነዌ የምትገባበትን ቀን ይሰጣችኋል። በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ከዋለ ወሩ ጥር ነው፣ በጥቅምት ከዋለ የካቲት። ከነነዌ 69 ቀን ቆጥራችሁ ፋሲካ ትደርሳላችሁ።

በ2018 እንሞክረው። ዓመተ ዓለሙ 7518፣ ቀሪው 13፣ ወንበር 12፣ መጥቅዕ 18። መስከረም 18 እሑድ ስለነበር 7 ይጨመራል፤ ጥር 25 ነነዌ። ፋሲካም ሚያዝያ 4።

አሁን 2006ን ስጡት። ወንበር 0 ይሆናል፣ መጥቅዕም 0። ፕሮግራማችሁ «ጥቅምት 0» የሚባል ቀን ይፈልግና ይሰናከላል። በቀመሩ መጥቅዕ 0 ሲሆን 30 ተብሎ ይያዛል፣ በዓለ መጥቅዕም መስከረም 30 ነው። ቀኑ ሐሙስ ስለነበር 3 ስትጨምሩ 33 ይመጣል። ከ30 በላይ ሲሆን 30 ይጣልና ወሩ ወደ የካቲት ይሻገራል። ነነዌ የካቲት 3፣ ፋሲካ ሚያዝያ 12። አንድ ዓመት ሁለት ወጥመድ ይዛ ተቀምጣለች። እንደዚህ ዓይነት ነገር ነው ሰዓት የሚያስረሳው።

በነገራችን ላይ ፓይተን 3 የተለዋዋጮችን ስም በፊደል ይቀበላል። «ወንበር» እና «መጥቅዕ» ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ።

ፊደልን እንደ ላቲን ማየት

«ሰላም» 3 ፊደል ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የተለመደ የጽሑፍ ማስቀመጫ ዘዴ ፋይል ላይ ሲጻፍ ግን 9 ባይት ይይዛል፣ እያንዳንዱ ፊደል 3 ስለሚፈልግ። ባይት የሚቆጥር ኮድ ጽፋችሁ ቃሉን ብትቆርጡት ስክሪናችሁ በጥያቄ ምልክት ይሞላል።

ስም ፍለጋ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ኃይሌ፣ ሀይሌ፣ ሃይሌ፣ ሐይሌ ለእኛ አንድ ሰው ነው፣ ለኮምፒውተሩ አራት። ሀ ሐ ኀን፣ ሰ ሠን፣ አ ዐን፣ ጸ ፀን ወደ አንድ የሚያመጣ ትንሽ ፋንክሽን ከፍለጋው በፊት ማስቀደም ያስፈልጋል። «ሀ» እና «ሃ»ንም አትርሱ።

ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ላይ የ«ሀ» ቁጥር 4608 ነው። አብዛኛው የፊደል ቤት 8 ቦታ ይይዛል። ከአንድ ፊደል ቁጥር 4608 ቀንሳችሁ ለ8 ብታካፍሉ ድርሻው የትኛው ቤት እንደሆነ፣ ቀሪው ግዕዝ ይሁን ካዕብ ወይም ሌላ ይነግራችኋል። «ም» 4637 ነው። 29 ለ8 ሲካፈል 3 ደርሶ 5 ይቀራል። ከዜሮ ስትቆጥሩ 3 የመ ቤት፣ 5 ሳድስ። እንደ «ቋ» ያሉት ዲቃላ ፊደላት ግን ለብቻቸው መታየት አለባቸው። ከዚህ ተነስቶ ቤት የሚመታ ቃል ፈላጊ መሥራት ይቻላል፣ ግጥም ለሚወድ ሰው።

ሁሉን ነገር ለኤአይ መስጠት

ለቢሮ ሥራ ይሁን። ድብርት ለማባረር የተቀመጠ ሰው ግን እንቆቅልሹን ለሌላ ሰጥቶ መልሱን ቢቀበል ምን አተረፈ? ቢያንስ የራሳችሁን ሙከራ ጨርሱና ከዚያ ስህተቱን እንዲፈልግ ጠይቁት። ባሕረ ሐሳብ ላይ በልበ ሙሉነት የተሳሳተ መልስ ሊሰጥም ይችላል፣ ስለዚህ 2006ን ለእሱም ስጡት።

የጎረቤትን መረጃ መጫወቻ ማድረግ

የብሎካችሁን ሰዎች ስልክ ቁጥር ለመሞከሪያ ብላችሁ አታስገቡ። «አበበ፣ ከበደ» በቂ ነው።

ያልጨረሱትን እንደ ዕዳ መቁጠር

ፕሮጀክቱ ካስጠላችሁ ተዉት። የሚጠይቃችሁ አለቃ የለም። ኮምፒውተሩን ከመዝጋታችሁ በፊት ግን ፋይሉ አናት ላይ የቀረውን በአማርኛ አንድ መስመር ጻፉ፦ «ጳጉሜ 6 ላይ ይሳሳታል»፣ «ዕጣውን የለቀቀ ሰው ገና አልተሠራም»። ይህች መስመር ከሌለች፣ በሌላ እሁድ ስትከፍቱት ግማሹ ሰዓት ምን እያደረጋችሁ እንደነበር በመፈለግ ያልፋል።